ኃይልን ስለ መካፈል

የእንጦጦ ተራራ ሰንሰለት ወደ ምሥራቅ እየወረደ ከየካ ኮረብታዎች አልፎ በሚዘረጋበት፣ በከተማችን በሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ የካ አባዶ የሚባለው የጋራ መኖሪያ ሰፈር ይገኛል። በዚህ ሰፈር የምንኖር ሰዎች ስለ ኤሌክትሪክ የምናውቀውን አብዛኛውን ነገር ያስተማረን ምጣድ ነው። በበዓል ዋዜማ በየሕንፃው ምጣድ መሞቅ ሲጀምር አምፖሉ ይደበዝዛል፤ የማቀዝቀዣው ሞተር ያቃስታል፤ እንጀራውም ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። አንድ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይወስዳልና እስከዚህ ድረስ ነገሩ አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ሌላ ነው። ከትራንስፎርመሩ አጠገብ ያለው ሕንፃ በዚያው ሰዓት መብራቱ ደኅና ሲሆን፣ ከመስመሩ መጨረሻ ላይ ያለው ግን 220 ቮልት ሊደርሰው ሲገባ ከዚያ ያነሰ ይደርሰዋል። የሁለቱም ቆጣሪ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚከፍሉትም በአንድ ታሪፍ ነው።

ይህን ያደረገ ክፉ ጎረቤት የለም። ሽቦው በረዘመ ቍጥር፣ በውስጡም የሚያልፈው ከረንት በበዛ ቍጥር፣ ከግፊቱ ጥቂት ጥቂት እያስቀረ ይሄዳል። ውሃም እንዲሁ ነው፤ ከታች ያሉት ሁሉ ቧንቧቸውን ሲከፍቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ሰው ባልዲውን ይዞ ይጠብቃል። እንግዲህ ኤሌክትሪክ እንደ እህል በቁና ተሰፍሮ የሚታደል ነገር አይደለም፤ እያንዳንዱ የሚያገኘው በደጁ በደረሰው ግፊት ልክ ነው፤ ይህንንም ግፊት ቮልቴጅ እንለዋለን። ስለዚህ ኃይልን ለመካፈል የሚፈልግ ሁሉ፣ ጎረቤትም ይሁን መንግሥት፣ ቮልቴጁን ማን እንደሚጠብቅ አስቀድሞ መነጋገር ይኖርበታል።

ኤሌክትሪክ ሳይስፋፋ በፊት ይህች ከተማ የምታበስልበት ኃይል ከእንጦጦና ከየካ በሴቶች ጀርባ ላይ ይወርድ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን መተከል የጀመረው ባሕር ዛፍ ከተማይቱን ከማገዶ ችግር አዳናት፤ ሸክሙ ግን እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ የሴቶቹ ሆኖ ቆየ። ያ ክፍፍል ግፍ ነበረበት፤ ነገር ግን ግፉ በዓይን ይታይ ነበር። ማን እንደ ተሸከመ፣ ማን እንደ ሞቀ፣ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ሁሉ ያየዋል። በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ኃይል ግን ሸካሚውንም ተጠቃሚውንም ስለማያሳይ፣ ክፍፍሉን ለማወቅ ትንሽ ማሰብ ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ ልናስብበት የፈለግነው አገራችን ከጎረቤት ጋር የገባችበትን ትልቅ የኃይል መካፈል ነው፤ ይኸውም ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ በኬንያ ሱስዋ እስከሚባለው ቦታ የሚደርሰው መስመር ነው።

መስመሩ 1,045 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከዚህ ውስጥ 433ቱ በኢትዮጵያ፣ 612ቱ በኬንያ ምድር ላይ ነው። እስከ 2,000 ሜጋ ዋት እንዲያሳልፍ ሆኖ የተሠራ ሲሆን፣ የአፍሪካ ልማት ባንክ፣ የዓለም ባንክና የፈረንሳይ የልማት ድርጅት ገንዘብ አበድረውበታል። በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. የንግድ ሥራውን ጀመረ። በውሉ መሠረት ኬንያ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ሜጋ ዋት፣ ከዚያም በኋላ እስከ 400 ሜጋ ዋት ትወስዳለች። ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው በሶዶ አካባቢ ማማዎቹን ሊለያቸው ይችላል። የተለመደው የከፍተኛ ኃይል ማማ ሽቦዎቹን ሦስት ሦስት አድርጎ ሲይዝ፣ እነዚህ ግን ግራና ቀኝ ሁለት እጅ ብቻ ዘርግተዋል። በአንዱ እጅ 500 ኪሎ ቮልት ፖዘቲቭ፣ በሌላው 500 ኪሎ ቮልት ኔጋቲቭ ስላለ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሚሊዮን ቮልት ነው።

አንድ ጊዜ በዚያ አገር ስናልፍ የመኪናችን ሞተር ሞቆ፣ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ከመንገድ ዳር ቆመን ሳለ፣ ከብት ይጠብቁ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቀረቡንና ሰላምታ ከሰጡን በኋላ፣ በበትራቸው ወደ ሽቦው እያመለከቱ፣

«ልጆቼ፣ ይህ ወዴት ነው የሚሄደው?» ሲሉ ጠየቁን።

«ወደ ኬንያ ነው፣ አባታችን» አልናቸው።

«እኛ ዘንድ ሳያርፍ?»

«ሳያርፍ።»

ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዳ በደጅ ሲያልፍ ግባ ይባላል፤ ይህንስ ግባ የሚለው ማን ነው?» ብለው ወደ ከብቶቻቸው ተመለሱ። ጥያቄው በመንገድ ዳር የሚመለስ አልነበረም፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈንም እርሱ ነው።

መልሱን ለማግኘት ከመሠረቱ መጀመር ያሻል። በቤታችን ያለው ኤሌክትሪክ ተለዋዋጭ ፍሰት ይባላል፤ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። በሶዶና በሱስዋ መካከል ያለው ግን ባለሙያዎች ዲሲ የሚሉት ቀጥተኛ ፍሰት ነው፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል። ኤዲሰን በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1882 ከኒው ዮርክ ሰፈሮች አንዱን ያበራው በዚሁ በቀጥተኛው ፍሰት ነበር። ነገር ግን በዚያ ዘመን የቀጥተኛውን ቮልቴጅ እንደ ልብ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ ስላልነበረ ኃይሉን ሩቅ ማድረስ አልተቻለም። ተለዋዋጩ ትራንስፎርመር ነበረውና ዓለምን ወረሰ። ቀጥተኛው ተመልሶ ክብሩን ያገኘው፣ ኡኖ ላም የተባለው ስዊድናዊ መሐንዲስ በሜርኩሪ ቫልቮች ላይ ብዙ ዓመት ከደከመ በኋላ፣ በ1954 ከስዊድን የብስ ወደ ጎትላንድ ደሴት በባሕር ውስጥ ገመድ 20 ሜጋ ዋት መተላለፍ በጀመረ ጊዜ ነው።

ቀጥተኛው በረጅም መንገድ የሚመረጥበት ምክንያት ብዙ ነው። ተለዋዋጩ ፍሰት በተመላለሰ ቍጥር ረጅሙን ሽቦ መልሶ መላልሶ መሙላትና ማጉደል አለበት፤ በዚህም የመስመሩ አቅም ከፊሉ ይባክናል። ቀጥተኛው ግን አንድ ጊዜ ከሞላ በቃው። ከዚህም በላይ የኢትዮጵያና የኬንያ መረቦች ሁለቱም በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሱ እንጂ፣ በሁለት ሜዳ ላይ እንደሚሰለፉ ሁለት ጓዶች እርምጃቸው አንድ አይደለም፤ ቀጥተኛው ፍሰት እርምጃቸውን ሳያስማማ ያገናኛቸዋል።

የግፊቱን ትልቅነት አንባቢ በምጣድ ሒሳብ ቢያየው መልካም ነው። በመስመሩ 200 ሜጋ ዋት ሲያልፍ በሽቦው ውስጥ የሚሄደው ከረንት 200 አምፔር ብቻ ነው። አንድ ምጣድ 16 አምፔር ያህል ይወስዳል። እንግዲህ ያን ሁሉ ኃይል ለኬንያ ከተሞች የሚያደርሰው ሽቦ የተሸከመው ከረንት በየካ አባዶ አንድ ሕንፃ ውስጥ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ ሦስት እናቶች በአንድ ጊዜ እንጀራ ሲጋግሩ ከሚያስፈልጋቸው አይበልጥም። ያንኑ ኃይል በ220 ቮልት እንላክ ብንል ከ900 ሺህ አምፔር በላይ ይሆናል። በሽቦ ላይ በሙቀት የሚባክነው ደግሞ ከረንቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ፣ ከረንቱ አሥር እጥፍ ሲሆን መቶ እጥፍ ስለሚሆን፣ ከሶዶ የወጣው ኃይል ገና ከወላይታ ሳይርቅ አልቆ ይቀር ነበር።

አሁን ወደ ቮልቴጅ ጥበቃው እንምጣ። በሶዶ ያለው ጣቢያ ተለዋዋጩን ወደ ቀጥተኛ ይለውጣል፤ የሱስዋው ደግሞ ቀጥተኛውን ወደ ተለዋዋጭ ይመልሳል። ሁለቱም የሚሠሩት ታይሪስተር በሚባሉ ቫልቮች ነው። በእንደዚህ ያለ መስመር ሥራው ብዙውን ጊዜ ለሁለት ይከፈላል፤ ላኪው ከረንቱን ይወስናል፤ ተቀባዩ ቮልቴጁን ይይዛል። ሁለት ሰዎች ከባድ ዕቃ በአንድ ዘንግ ሲሸከሙ አንዱ እርምጃውን ሌላው ሚዛኑን እንደሚጠብቅ ማለት ነው። ሁለቱም እኔ ልምራ ቢሉ ዘንጉ ይወድቃል። ላኪው የታዘዘውን ከረንት መስጠት ባቃተው ጊዜ ተቀባዩ ከታዘዘው ጥቂት ዝቅ ባለ መጠን ይረከበዋል፤ የዚያም ጥቂት ልዩነት ልክ አስቀድሞ ስለ ተቈረጠ ሁለቱ አይጋጩም። ለሁለት ሰዎች ይህ ስምምነት ይበቃል።

ሦስተኛ ሰው ሲመጣ ግን አይበቃም። በተለዋዋጭ መረብ ውስጥ ይህ ችግር ከጥንት የታወቀ መፍትሔ አለው። በኦሞ ላይ ያለው ግልገል ጊቤ ሦስት፣ በጣና አጠገብ ያለው በለስ፣ በጉባ ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በአንድ መረብ ላይ ሲሽከረከሩ፣ የሕዝቡ ፍላጎት ከሚመነጨው ኃይል በልጦ እንደ ሆነ መዘውሮቹ ሁሉ ጥቂት ይዘገያሉ፤ 50 የነበረውም ምት በጥቂቱ ይጎድላል። ይህን መጉደል በጉባ ያለውም በኦሞ ያለውም በእኩል ይሰማዋል፤ እያንዳንዱም በተመደበለት መጠን ውሃውን ይጨምራል። ማንም ለማንም ስልክ አይደውልም።

በቀጥተኛ ፍሰት መረብ ውስጥ ምልልስ የለምና የጋራ ምት የለም። በእርሱ ፈንታ የሚናገረው ቮልቴጁ ራሱ ነው። ኃይል ሲተርፍ ቮልቴጁ ይነሣል፤ ሲጎድል ይወርዳል። ለአንዱ ጣቢያ ብቻ ቮልቴጁን ያዝ ብለን ሌሎቹን ብናሳርፋቸው፣ በመረቡ ላይ የሚመጣውን ድንጋጤ ሁሉ ያ አንዱ ብቻውን ይሸከማል፤ እርሱ የወደቀ ዕለትም ሁሉም ይወድቃል። ስለዚህ መሐንዲሶች ሸክሙን ለብዙዎች ያከፋፈሉበትን ዘዴ አመጡ። እነርሱ ድሩፕ ይሉታል፤ እኛ ማዘንበል ብንለው ሳይሻል አይቀርም። እያንዳንዱ ጣቢያ ቮልቴጁን በአንድ ቍጥር ላይ ሙጥኝ ብሎ ከመያዝ ይልቅ፣ ጥቂት እንዲወርድ ይፈቅዳል፤ በወረደውም ልክ ኃይል ይጨምራል።

ነገሩን በራሳችን በፈጠርነው ምሳሌ እንየው። 500 ኪሎ ቮልት በሆነ መረብ ላይ ሁለት ረዳት ጣቢያዎች አሉ እንበል። የመጀመሪያው ትልቅ ስለሆነ ቮልቴጁ በ1 ኪሎ ቮልት በወረደ ቍጥር 40 ሜጋ ዋት እንዲጨምር፣ ሁለተኛው አነስተኛ ስለሆነ 20 ሜጋ ዋት እንዲጨምር ታዟል። በሌላ ቦታ 300 ሜጋ ዋት በድንገት ቢጠፋ ቮልቴጁ በ5 ኪሎ ቮልት ይወርድና፣ የመጀመሪያው 200፣ ሁለተኛው 100 ሜጋ ዋት ጨምረው ጉድለቱን ይሞላሉ። ትልቁ እንደ ትልቅነቱ፣ ትንሹ እንደ ትንሽነቱ አዋጣ ማለት ነው።

ነገር ግን ሽቦው ረጅም ሲሆን ይህ ሁሉ እንደ ታሰበው አይሄድም። የመዘውሮች ምት በአገሩ ሁሉ አንድ ሲሆን፣ ቮልቴጅ ግን በየቦታው የተለያየ ነው፤ የእኛ የመስመር መጨረሻው ቤት ጉዳይ በ500 ኪሎ ቮልትም ላይ ይመጣል። ጉድለቱ ለመጀመሪያው ጣቢያ ቅርብ ቢሆንና እርሱ የ6 ኪሎ ቮልት መውረድ፣ ሩቁ ደግሞ የ3 ኪሎ ቮልት መውረድ ቢያዩ፣ የመጀመሪያው 240፣ ሁለተኛው 60 ሜጋ ዋት ይሰጣሉ። ድምሩ 300 መሆኑ አልቀረም፤ ነገር ግን የጓደኛውን እጥፍ እንዲሸከም የታዘዘው አራት እጥፍ ተሸከመ። ሁለተኛው አልሰነፈም፤ የጩኸቱ ድምፅ ደክሞ ደረሰው እንጂ።

ማዘንበሉን ብናበዛው፣ ማለትም ጣቢያዎቹ ቮልቴጁ ብዙ ካልወረደ ብዙ እንዳይሰጡ ብናዝዛቸው፣ ሽቦው የሚያመጣው ልዩነት ከጠቅላላው መውረድ አንጻር ትንሽ ስለሚሆን ክፍፍሉ ወደ ትክክሉ ይቀርባል። ግን ቮልቴጁ ወዲያና ወዲህ ይዋዥቃል፤ መሣሪያውም የሚታገሠው ወሰን አለው። ማዘንበሉን ብናሳንሰው ቮልቴጁ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ክፍፍሉ ግን ይዛባል። ሁለቱን በአንድ ላይ በሙሉ ማግኘት መልእክተኛ ሳይላክ አይቻልም። ስለዚህ የዘመኑ ባለሙያዎች ሥራውን በሁለት ደረጃ ከፈሉት። የመጀመሪያው ደረጃ እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱን ቮልቴጅ ብቻ አይቶ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ በሴኮንድ መቶኛ ክፍል ውስጥ የሚሠራው ነው። ሁለተኛው ደረጃ ዘግየት ብሎ በመገናኛ መስመር የሁሉንም መረጃ የሚሰበስብና ያልተስተካከለውን ክፍፍል የሚያስተካክል ነው። በሰፈራችን የዕድርን ልማድ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በሌሊት የልቅሶ ድምፅ የሰማ ጎረቤት የዳኛውን ደብዳቤ አይጠብቅም፤ ነጠላውን ጥሎ ይደርሳል። ማን ስንት እንዳዋጣ ጸሐፊው በኋላ ተረጋግቶ ይመለከተዋል።

ይህ ሁሉ የወረቀት ሒሳብ ብቻ እንዳይመስል በኬንያ የሆነውን እናንሣ። ጳጉሜን 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጧቱ 3 ሰዓት ሊሆን 4 ደቂቃ ሲቀረው፣ ከሎያንጋላኒ ወደ ሱስዋ የሚመጣው የ220 ኪሎ ቮልት መስመር ተቋረጠ። ይህ መስመር በዚያ ሰዓት ከቱርካና ሐይቅ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 288 ሜጋ ዋት ተሸክሞ ነበር። ቀጥሎም 200 ሜጋ ዋት ይዞ የነበረው ከእኛ የሚሄደው መስመር ተቋረጠ። የኬንያ የኃይል ሚኒስቴር በመግለጫው እንዳስታወቀው በጠቅላላው 488 ሜጋ ዋት ጠፋ፤ ከአገሪቱም ብዙው ክፍል ጨለመ።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት ነገር እናስተውላለን። አንደኛው የታይሪስተር ጠባይ ነው። ታይሪስተር ራሱን በራሱ መዝጋት አይችልም፤ ለመዝጋት የሚደገፍበትን ተለዋዋጭ መረብ ይጠብቃል። ስለዚህ የተቀባዩ አገር መረብ በጸና ጊዜ እንደ እርሱ ያለ ታማኝ ሠራተኛ የለም፤ መረቡ በተናወጠ ጊዜ ግን ረዳት ሊሆን የሚገባው ራሱ ድጋፍ ፈላጊ ይሆናል። አዲሶቹ ባለ ትራንዚስተር ጣቢያዎች በዚህ ይለያሉ፤ እንደ ፈቃዳቸው ይከፍታሉ ይዘጋሉ፤ የቮልቴጁን አቅጣጫ ሳይገለብጡ ከሰጪነት ወደ ተቀባይነት ይዞራሉ፤ ስለዚህም ለብዙ ጣቢያዎች መረብ የሚስማሙት እነርሱ ናቸው። በቻይና አገር በዣንግቤይ በ2020 ሥራ የጀመረው የ500 ኪሎ ቮልት መረብ አራት እንዲህ ያሉ ጣቢያዎችን በቀለበት አያይዞ የነፋስንና የፀሐይን ኃይል ወደ ቤይጂንግ ያደርሳል።

ሁለተኛው ነገር የመልክዓ ምድሩ ነው። የነፋሱ ማመንጫ የሚገኘው በማርሳቢት ነው። የእኛም መስመር ቦረናን ካለፈ በኋላ የሚገባው ወደ ማርሳቢት ነው። ሁለቱ መስመሮች በአንድ ምድረ በዳ አልፈው ሱስዋ ላይ ይገናኛሉ፤ በመንገድ ላይ ግን ሰላምታ እንኳ አይለዋወጡም። የቱርካናው ነፋስ 400 ኪሎ ሜትር ከሚያልፍ ርቀት የራሱን መስመር ዘርግቶ ነው የወረደው።

የሽማግሌውም ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ ያገኛል። ከጉባ የሚመጣው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ተለዋዋጭ ስለሆነ ዴዴሳ ላይ አርፎ ወደ ሆለታ ይሻገራል፤ በመንገዱም ትራንስፎርመር ተክሎ ማከፋፈል ይቻላል። ቀጥተኛው ግን በትራንስፎርመር አይወርድም። አንድ ከተማ ከእርሱ እንዲካፈል ቢፈለግ እንደ ሶዶው ያለ፣ ቢያንስም እንኳ ብዙ ገንዘብ የሚበላ፣ የመለወጫ ጣቢያ መቆም አለበት። በዚያ ላይ በታይሪስተር መስመር ላይ የምትሠራ ትንሽ ጣቢያ ለትልልቆቹ አደጋ ናት፤ እርስዋ በተሰናከለች ጊዜ የመስመሩ ከረንት ሁሉ ወደ እርስዋ ይጎርፍና የትልቁን ገበያ ሥራ ታቋርጣለች። ትንሿን ግባ ለማለት ያስፈራው ንፍገት ብቻ አይደለም።

ሆኖም ግን ፈጽሞ የማይቻል አይደለም። ከጣሊያን የብስ ወደ ሰርዲኒያ ደሴት የሚሄደው ቀጥተኛ መስመር በ1967 ሲዘረጋ የፈረንሳይን ደሴት ኮርሲካን አቋርጦ ያልፍ ነበር። ኮርሲካውያን ሃያ ዓመት ያህል ሽቦውን በላያቸው ሲያዩ ኖረው፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ የ50 ሜጋ ዋት ጣቢያ ተሠራላቸው፤ መስመሩም ባለ ሦስት ጣቢያ ሆነ። በአህጉራችን ደግሞ የተለየ ታሪክ አለ። በኮንጎ ከኢንጋ ግድብ ወደ ካታንጋ የመዳብ ማዕድን የሚሄደው መስመር በ1982 ሲጠናቀቅ 1,700 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው፤ በዘመኑም ከእርሱ የሚረዝም አልነበረም። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያሉት መንደሮች ግን ከእርሱ ያገኙት ጥላውን ብቻ ነው።

እኛ ለአንድ መንደር አምፖል ሲባል የአንድ ሚሊዮን ቮልት መስመር ይቈረጥ አንልም፤ ይህ ቅቤ ለማቅለጥ ጎጆ እንደ ማቃጠል ይሆናል። በሶዶ ዙሪያ ላለው ገበሬ የሚበጀው ከተለዋዋጩ መረብ የሚወርድ አነስተኛ መስመር ነው፤ በቦረና ቈላ ተበታትኖ ለሚኖረው አርብቶ አደር ደግሞ የፀሐይ ኃይል ይቀርበዋል። ከሕዝባችን ግማሽ ያህሉ ገና ከዋናው መስመር መብራት ያላገኘው ኬንያ ስለ ወሰደችበት እንዳልሆነም እናውቃለን፤ የጎደለው ማመንጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀ ማግስት ሁሉም ቤት በበራ ነበር። የጎደለው ማከፋፈያው፣ ምሰሶው፣ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ነው። ከውጭ የሚገኘው ዶላር በዚህ ላይ ቢውል የሽማግሌው ድርሻ በሌላ መንገድ ደረሳቸው ማለት ነው። ቢውል ነው የምንለው፤ ይህ በመሐንዲስ የሚፈታ ነገር አይደለምና።

ነገር ግን የመንደሩ ጉዳይ ሌላ፣ የመረቡ ጉዳይ ሌላ ነው። የቦረና ፀሐይና የማርሳቢት ነፋስ አንድ ቀን ሦስተኛና አራተኛ ጣቢያ ማስፈለጋቸው የማይቀር ይመስለናል። ዋና ጽሕፈት ቤቱ በከተማችን የሆነው የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ትስስር ድርጅት በ2005 ሲመሠረት የታሰበው አገሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲሻሻጡ ብቻ አልነበረም። ያን ጊዜ፣ በምሳሌአችን እንዳየነው፣ 300 ሜጋ ዋት በድንገት በጠፋ ዕለት የሚደበዝዘው የያቤሎ አምፖል ነው ወይስ የናይሮቢ ፋብሪካ፣ ውሃውን የሚጨምረው ኦሞ ነው ወይስ ጉባ፣ የሚለው ጥያቄ በማዘንበሉ ቍጥር ውስጥ ተወስኖ ያድራል። ጣቢያው በመቶኛ ሴኮንድ ውስጥ ሲወስን ሚኒስትር አይጠይቅም። በመንግሥታት ውል ላይ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ የሜጋ ዋቱ ብዛትና የኪሎ ዋት ሰዓቱ ዋጋ ነው፤ የማዘንበሉ ቍጥር ግን በመቆጣጠሪያው ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጣል። ውሉን የሚያዘጋጁት ሹማምንት፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ናቸው፣ ብዕራቸውን ከማንሣታቸው በፊት መሐንዲሱን ጠርተው ያን ቍጥር እንዲያሳያቸው ቢጠይቁት እንወዳለን።